ያልተሰጠኝ የጤነኛ ወረቀት

ሰው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ የሚፈለገው ወይ ለሽምግልና ነው፣ ወይ ለምስክርነት። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት ለጤነኛነቴ ተፈለግሁ። የጎረቤታችን ልጅ ማስተዋል እንጅባራ ላይ ጤና ትማራለች፤ ለመመረቂያ ጽሑፏ ምንም በሽታ የሌለባቸው ሰዎች ያስፈልጓት ኖሯል። ዳንግላ ድረስ መጥታ «አባባ፣ ስኳር የለብዎት፣ ግፊት የለብዎት፣ መድኃኒት አይወስዱ፤ በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጌ አጣሁ» ስትለኝ፣ እንደዚያ ተሞግሼ ስለማላውቅ ምን እንደምታደርገኝ እንኳ ሳልጠይቅ እሺ አልኋት። ባለቤቴ እናኑ ከጓዳ ሆና «ስለ ጉልበቱ ግን አትጠይቂው» አለቻት። ሰው ሲያሞግሰኝ ዝም ብላ መስማት አይሆንላትም።

በማግሥቱ ሁለታችንም በሚኒባስ ተነሳን። እናኑ «ጤነኛ ነው ሲሉት በጆሮዬ ልስማ» ብላ ነው የተከተለችኝ። መንገዱ ዳርና ዳር ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ነው፤ አዲስ ቅዳም ላይ የከሰሉ ጆንያ አጥር ሆኖ ቆሟል። እናኑ በመስኮት እያየች «ይሄ ሁሉ ገብስ ነበር» ትላለች፤ ባለፍን ቁጥር ትላለች። እንጅባራን እኔ አሁንም ኮሶበር ነው የምላት፤ የባጃጅ ልጆቹ እየሳቁም ቢሆን ይረዱኛል። ስሟ ቢለወጥም ብርዷ ያው ነው፤ ከሚኒባሱ ገና ስወርድ ጆሮዬን ያዘኝ።

ማስተዋል ነጭ ጋዋን ለብሳ ተቀበለችን። ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ የልብን ምት በመስመር የሚያሳይ ማሽን፣ ጥግ ላይ ደግሞ በረዶ የተንሳፈፈበት ባልዲ አለ። በአልኮል የራሰ ጥጥ ሸተተኝ። «አባባ፣ አይፍሩ፣ ቀላል ምርመራ ነው» አለችኝ። «ተኝተው ያርፋሉ፣ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ ብድግ ይላሉ፣ እጅዎን በረዶ ውሃ ውስጥ ይነክራሉ። ሳናዘው በራሱ የሚሠራውን ነርቭ ነው የምናየው።» ባልዲውን ሳይ ሳቄ መጣ። ይሄን ምርመራ እሷ ቀርታ እናቷ ሳትወለድ እኔ ዳንግላ ላይ ሠርቸዋለሁ። እኛ በረዶውን የምናገኘው ግን ከሰማይ ነበር።

ያኔ ዳንግላ ውስጥ በአንዲት ቆርቆሮ ክዳን ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርሁ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም ሲጠፋ ሐኪም የሚሆን ሰው ነው። ዓመቱን አልናገርም፤ ብናገር ዕድሜያችንን ታሰላላችሁ፣ እናኑ ደግሞ አትወደውም። ሱሪ ከታች ሰፍቶ ጫማ የሚሸፍንበት፣ ፀጉር ተጎፍሮ በር የሚነካበት ጊዜ ነበር በሉት። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፤ ፓስቲ ከጨመርህበት አሥራ አምስት። እኔ አንድ ቡናማ የቴትረን ሱሪ ነበረችኝ፤ ማታ ፍራሽ ሥር አስተኝቻት ጧት ተተኩሳ ትነሳለች። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት አንድ ቴፕና አንድ ካሴት ነበረው። ካሴቱ መሀሉ ላይ ስለሚጎተት ዘፋኙ እዚያ ጋ ሲደርስ ሰክሮ ያንቀላፋ ይመስላል፤ እኛም ዘፈኑ እንደዚያ መስሎን እዚያችው ቦታ ላይ ድምፃችንን እየጎተትን ነበር የምንዘፍነው። በኋላ ባሕር ዳር ሄጄ ዘፈኑን በደህና ቴፕ ስሰማው ዘፋኙን የተቻኮለ ሰው አድርጌ ቆጠርሁት። አሁን የሻይ ቤቱ ቦታ ሞባይል የሚጠገንበት ሆኗል፤ ስልኬን ሰጥቼ ቆሜ ስጠብቅ ያች የተጎተተች ቦታ ሳላስበው ከአፌ ትወጣለች።

ሐኪሙ የመጣው ያኔ ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ መነጽሩ ወፍራም፣ ቃል የሚቆጥብ ወጣት ነበር፤ ሁሉም «ሐኪሙ» ይለው ስለነበር እኔም በዚሁ ልጥራው። የስኳር ሕመምተኞች ከተኙበት ሲነሱ ለምን እንደሚያዞራቸው ማወቅ ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ አስቀድሜ ጤነኞችን ልመርምር አለ። «ጤነኛው እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ በሽተኛውን በምን እለየዋለሁ?» አለኝ። ነገሩ ልክ ነው፤ ለዳንግላ ሰው ማስረዳቱ ግን በኔ ላይ ወደቀ። በገበያ ቀን ቆሜ፣ በሰው ውስጥ ሳይታዘዝ የሚሠራ ነርቭ አለ፤ ልብን ያስመታል፣ ላብ ያወጣል፣ ብድግ ስንል ደማችን ወደ እግራችን እንዳይወርድ ይጠብቃል እያልሁ ሰበክሁ። አንድ የበሬ ነጋዴ አዳምጦኝ ሲያበቃ «ሳይታዘዝ የሚሠራ ከተገኘማ ለምን ትነካኩታላችሁ፤ ተዉት ይሥራ እንጂ» አለኝ።

መሣሪያችን ባለ ሜርኩሪ የግፊት መለኪያ፣ የኔ የእጅ ሰዓትና አንድ አልጋ ነበር። አንደኛው ምርመራ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ብቻ በረጅሙ መተንፈስ ነው፤ እኔ የልብ ምቱን እቆጥራለሁ፣ ተመርማሪው ደግሞ በአራተኛው ትንፋሽ ላይ ያንኮራፋል። ሌላው በጎማ ቱቦ እየነፉ ሜርኩሪውን አርባ ላይ አሥራ አምስት ሰከንድ ማቆም ነው። ለዚህ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ጋሼ ፈንቴን ማምጣቴ የኔ ጥፋት ነበር። ሐኪሙ «ቀስ ብለው ይንፉ» ብሏቸዋል። ጋሼ ፈንቴ ግን በሕይወታቸው ቀስ ብለው ነፍተው አያውቁም፤ ሜርኩሪው በላይ በኩል ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ እኛም ግማሽ ቀን በወረቀት ስንለቅም ዋልን። መርዝ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም።

በረዶው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በከተማው ማቀዝቀዣ የነበረው አንድ መጠጥ ቤት ብቻ ሲሆን ባለቤቱ ለቢራ እንጂ ለእጅ መንከሪያ አልሰጥም አለ። ስለዚህ የክረምቱን በረዶ መጠበቅ ጀመርን። ሰማዩ ሲጠቁር ገበሬው ስለ እህሉ ይጸልያል፣ እኔና ሐኪሙ ደግሞ ባልዲ ይዘን ደጅ ቆመን ቶሎ ውረድ እንላለን። አንድ ቄስ አይተውን እንዳላዩ ሆነው አለፉ። በረዶው ሲወርድም ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል እንጂ ወደኛ አይመጣም። ከኮሶበር የመጣ አንድ ድንች ሻጭ ብቻ እጁን ነክሮ ቆየና «ደህና ነው» ብሎ ፊቱን ታጠበበት። በብርዱ ከፍ ሊል የሚገባው ግፊቱ ንቅንቅ አላለም።

ዋናው ምርመራ ግን መተኛትና መነሳት ነበር። ሰውየው አሥር ደቂቃ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ይለካል፤ ሐኪሙ «ተነስ» ሲለው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እንደገና ይለካል። ከዚህ የሚቀል ምን አለ? ሐኪሙ ያላሰበው፣ እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ ተኝቶ የሚቆይ ሰው እንደሌለ ነው። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አንድ አዛውንት ለመርፌ ብቅ ይላሉ፤ የተኛው «ኖር» ብሎ ብድግ ይላል፤ እሳቸው «በእግዜር» ይላሉ፤ ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ «እንደገና» ይላል። በር ላይ ዘበኛ አቆምን። ዘበኛው አባ ታከለ ራሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ «ማንንም አላስገባሁም» ሊሉን አንገታቸውን ብቅ ሲያደርጉ የተኛው ለእሳቸው ይነሳል። ሐኪሙ የሚገባው ሰው እንዳይታይ አንሶላ ጋረደ። ሰላምታው ግን ይሰማ የለም? ወዲያው አንሶላው ውስጥ ሰው ቆሞ እጅ ሲነሳ ጥላው ይታየናል። በዚያ ክረምት አንድ ሙሉ አሥር ደቂቃ ለማግኘት የምንለፋውን ልፋት ለማረስ ብናውለው ጎተራ እንሞላ ነበር።

ሰውን ለማባበል ሐኪሙ ምርመራውን ለጨረሰ ሁሉ ሩብ ወረቀት መስጠት ጀመረ። «ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል፤ በእጄ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከሥሩ ክብ ማኅተም አለው፤ ማኅተሙ ከሐኪሙ ኪስ አይወጣም። ወሩ ሳይሞላ ነገሩ ከእጃችን አመለጠ። ልጁን የሚድር አባት ለመጡት ሽማግሌዎች «ዘሩንስ አውቀነዋል፤ ወረቀቱስ?» ማለት ጀመረ። ያ የበሬ ነጋዴም ተመልሶ መጥቶ ለበሬው ይጻፍልኝ አለ።

እናኑ በዚያ ዓመት አክስቷ ቤት ተቀምጣ ዳንግላ ትማር ነበር። ሰማያዊ ሸራ ጫማ ነበራት፤ አንዱ በነጭ ክር የተሰፋ። እሾህ ወግቷት መጥታ ሳወጣላት እንደ ሌላው ሰው አልጮኸችም፤ «ጨረስህ?» ብቻ አለችኝ። እኔ በዚያች ቃል አለቀልኝ። አባቷ አያ ውበቱ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ፣ ፈረስ የሚያረቡ የተከበሩ የአገው ሰው ነበሩ። አማርኛ አሳምረው ያውቃሉ፤ የማይጥማቸውን በአማርኛ ይናገሩና የሚጥማቸውን ለአገውኛ ያስቀምጡታል። እኔ ያኔ አገውኛ አልሰማም ነበር። ሽማግሌ ስልክባቸው «መሬት የለው፣ ፈረስ የለው፣ ደሞዝተኛ ነው። እስቲ ያንን ወረቀት ያምጣ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው። እኔ አልሳቅሁም፤ እናኑን የሚጠይቅ ሌላ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ የዚያን ሰው ወረቀት በገዛ እጄ አሳምሬ የጻፍሁት እኔው ነኝ።

የምመረመርበት ቀን ተቆረጠ። አያ ውበቱም «ጸሐፊው እሱ ሆኖ ወረቀቱን በምን አምናለሁ፤ በዓይኔ ልይ» ብለው ከአንድ ዘመዳቸው ጋር በፈረስ መጡ። ፍልሰታ ነበር። ሐኪሙ ባዶ ሆዱን የመጣ ሰው አይመረመርም ብሏል፤ አያ ውበቱ ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል የቀመሰን ሰው ከሰው አይቆጥሩም። እኔም ለሁለቱም የሚስማማ ዘዴ አገኘሁ፤ ጾሜን ዋልሁና ለሐኪሙ «በልቻለሁ» አልሁት። ከጧት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስሁም። አያ ውበቱን ውጭ አግዳሚው ላይ አስቀመጥናቸውና አንሶላው ተጋርዶ ጋደም አልሁ። ሐኪሙ የእጄን አንጓ ይዞ «ዛሬ ማንም ቢገባ አትነሳም» አለኝ። አልነሳም አልሁ።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ የዱላ ድምፅ ሰማሁ። አንሶላው ገለጥ አለና የአያ ውበቱ ባርኔጣ፣ ከዚያም ራሳቸው ብቅ አሉ። ትዕግሥታቸው አልቆ ነው። አሁን ፍርዱን ለናንተ ልተወው፦ ብተኛ ወረቀቱን አገኛለሁ፣ አባቷ ግን ሲገቡ ተጋድሞ ለጠበቃቸው ባለጌ ልጃቸውን አይሰጡም። ብነሳ ጨዋ እሆናለሁ፣ ወረቀቱ ግን ይቀራል፤ ያለ ወረቀት ደግሞ እናኑ የለችም። ሐኪሙ ጣቶቹን አጥብቆ «ልብህ ጋለበ፤ እንዳትነሳ» ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዘዝሁት እኔ አይደለሁም፤ ያ ሳይታዘዝ የሚሠራው ይሆናል። «ኖር» ብዬ ተፈናጥሬ ተነሳሁ። ክፍሉ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያ የተጎተተ ካሴት ተሰማኝ።

ስነቃ ሁለቱን እጆቼን አያ ውበቱ እግር ላይ ጠምጥሜ አፍንጫዬ ጉልበታቸው ላይ አርፏል። እሳቸው «በእግዜር፤ ተነስ ልጄ፤ ይበቃል» እያሉ ትከሻዬን ይዘው ያነሱኛል። ጉልበታቸውን ልስም የወደቅሁ መስሏቸዋል። ነገሩ ሲገባኝ ጊዜ አላጠፋሁም፤ ሁለተኛውን ጉልበት አውቄ ሳምሁት። እሳቸውም ወደ ዘመዳቸው ዞረው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሁለቱም ሳቁ። የሠርጉ ቀን በዚያው ሳምንት ተቆረጠ። ወረቀቱን የጠየቀኝ የለም። ሐኪሙ ብቻ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ «በልቻለሁ ብለኸኝ ነበር» አለኝና ስሜን ከመዝገቡ ሰረዘው። ማኅተሙ ከኪሱ ሳይወጣ ቀረ። በዚያ ክረምት ያን ምርመራ ጀምሮ ያለ ወረቀት የቀረው ሰው ጸሐፊው ነው።

አያ ውበቱ እስኪሞቱ ድረስ በየድግሱ «እንደዚህ እግሬ ላይ የወደቀ አማች የለኝም» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ ጠላዬን እያየሁ አንገቴን እደፋለሁ። ሰው ትሕትና ይለዋል፤ ሐፍረት ነበር። ባልሠራሁት ሥራ መከበሬ እንደ ሰረቅሁት ነገር ይከብደኝ ነበር። በኋላ አገውኛ ተማርሁ፤ ያን ቀን ምን እንዳሉ ለመጠየቅ ግን አንድም ቀን አልደፈርሁም። ለእናኑም አልነገርሁ፤ አምስት ልጅ ወልደን፣ ድረን፣ ሁለታችንም ሸብተን፣ አልነገርሁም።

ማስተዋል የጥያቄ ወረቀቷን አወጣችና ከምርመራው በፊት ትጠይቀኝ ጀመር። ሲጋራ አላጨስም፣ እንቅልፌ ደህና ነው። «ከተኙበት ሲነሱ አዙሮዎት ወድቀው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ኧረ በፍጹም» አልሁ።

እናኑ ከወንበሯ ሳትነሳ ነጠላዋን አስተካከለች። «አንድ ጊዜ ብለሽ ጻፊ» አለቻት።

ዞር ብዬ አየኋት። «መቼ ነው የወደቅሁት?» አልሁ።

«አባቴ ጉልበት ላይ።»

«ያማ ጉልበታቸውን ስሜ ነው።»

«የሳምኸውስ ሁለተኛውን ነው» አለችኝ። «መጀመሪያው ላይ ወድቀህ ነው። አባቴ ፈረስ ሲወድቅና ሲንበረከክ ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ የሰው መውደቅ ይጠፋዋል ብለህ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን አንገትህን ስትደፋ የኖርህ?»

ያን ቀን በአገውኛ ምን እንዳሉ ያኔ ጠየቅኋት። ዕድሜ ልኬን የፈራሁት ጥያቄ ሲወጣ ቀላል ነበር። እናኑ ጥቂት አሰብ አድርጋ ወደ አማርኛ መለሰችው። «‹ይሄ ልጅ ወደቀ እንጂ አልሳመም፤ ቢሆንም ተነስቶ ነው የወደቀው። ተኝቶ ቢጠብቀኝ ኖሮ ፈረሴን አዙሬ እሄድ ነበር› ነው ያለው። ያን ዕለት ማታውኑ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«አትንገሪው አለኝ። የሚያፍር አማች ጥሩ አማች ነው አለ። እውነቱን ነው፤ ጥሩ ሆንህለት።»

ማስተዋል አንገቷን ደፍታ «አንድ ጊዜ» ብላ ጻፈች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናኑም ሻይ ልፈልግ ብላ ወጣች፤ እኔ አልጋው ላይ ተጋደምሁ፤ የማሽኑ ሽቦ ደረቴ ላይ ተለጣጠፈ። አሥር ደቂቃው ተጀመረ። በሩ ሦስት ጊዜ ተከፈተ። ሦስቱም ጊዜ የገቡት ልጆች ናቸው፤ «ይቅርታ አባባ» እያሉ እቃቸውን ይዘው ይወጣሉ። ንቅንቅ አላልሁም። ሐኪሙ ያን ክረምት ሙሉ የለመነው ጸጥታ ይሄው ነበር፤ እኔ ግን ከፋኝ። የምነሳለት ሰው ሁሉ አልቋል። አያ ውበቱ የሉም፣ አባ ታከለ የሉም፣ የእድሩን ጡሩምባ የሚነፋው ሌላ ነው፣ ሐኪሙም ወሬው ከጠፋ ቆየ። አሁን ሰው የሚነሳልኝ እኔ ነኝ፤ ይህ እንደሚያስጎመጅ ሆኖ ይታየኝ ነበር፣ ሲደርሱበት ግን ብቸኝነት አለው።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ በሩ ለአራተኛ ጊዜ ተከፈተ። እናኑ ናት፤ ከብርዱ የተነሳ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ በወረቀት ኩባያ ለኔም ሻይ ይዛለች። ሽቦው ደረቴ ላይ እንደተለጠፈ ተነሳሁ። ቀጥ ብዬ ቆሜ «ኖር» አልኋት።

በር ላይ ቆማ ቀረች። ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ለእሷ ተነስቼ አላውቅም፤ ለአባቷ እንጂ። ዓይኗ እርጥብ ሲል አየሁ። «በእግዜር» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እንደ ልማዷ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ጨረስህ?» አለች።

ማስተዋል ሰዓቷን አጥፍታ «አባባ፣ እንግዲህ እንደገና ከመጀመሪያው ልንጀምር ነው» አለችኝ። አልወደቅሁም ግን።